እጅሽ አይጥ አይደለም

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴና ከአሥር ዓመት ወንድሜ ጋር ነው። ከሦስት ወር በፊት የሕንጻችን ጥበቃ አንዲት ግልገል ድመት በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ያኔ አንድ ወር ቢሆናት ነው። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል እየጎተተች ስላስቸገረች ስሟን ዳንቴል አልናት። አሁን ያስመረረኝ ንክሻዋ ነው። አታደማኝም፤ ግን እጄን በፊት እግሮቿ አቅፋ ታኝከዋለች፣ በኋላ እግሮቿ ትረግጠዋለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከሶፋው ሥር ተወርውራ ቁርጭምጭሚቴን ትይዛለች። ስዳብሳት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ኩር ኩር ስትል ቆይታ በድንገት ትነክሰኛለች። እናቴ ‹ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ› እያለች አፏን በርበሬ እንድቀባት ትመክረኛለች። ጎረቤታችን ‹አፍንጫዋን በጣትሽ ምቺያት› አለችኝ፤ መታኋት፣ ባሰባት። ጠልታኝ ነው? ስታድግ ይብስባታል? እናቴ በሽታም ትፈራለች። ለዳንቴሉስ ምን ይሻላል?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለችግሩ፣ አንዴ ለስሟ ብዬ።

አልጠላችሽም። የጠላች ድመት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ፣ ጸጉሯን አቁማ ትሸሻለች እንጂ እጅሽን አቅፋ አትንከባለልም። የአራት ወር ድመት ጥርስ መርፌ ነው። ልትጎዳሽ ብትፈልግ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በፋሻ በተጠቀለለ እጅ ትጽፊልኝ ነበር። «አታደማኝም» ያልሽው ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁ ቃል ነው። መንጋጋዋን እየያዘችልሽ ነው ማለት ነው። ልክ እንዳለው ገብቷታል፤ ልኩ የቱ ላይ እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

እኔ የከብት ሰው ነኝ። በወረዳ ስሠራ በሬ፣ በቅሎና ፍየል ሳክም ኖሬያለሁ፤ ድመት ታቅፎ የመጣ ሰው ግን አላስታውስም። ድመት በአገራችን ቤቶች ተቀጣሪ ነበረች፤ ደመወዟ አይጥ፣ አልፎ አልፎም ከማዕዱ የተረፈ። እንዲያውም «ከጠገበች አታድንም» እየተባለ ሆን ተብሎ ትራብ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች፣ ምክንያቱም የማደን ፍላጎቷ ከረኃቧ ጋር አብሮ የሚመጣና አብሮ የሚሄድ አይደለም። እኔም ይህን በቅጡ የተረዳሁት ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጄ ያመጣቻት ግልገል ሶፋዬን ከወረሰች በኋላ ነው። ያስተማረችኝም እንደ አንቺዋ በጥርሷ ነበር።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመልስሽ። ግልገሎች አራት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው እርስ በርስ መታገል ይጀምራሉ። አንዱ የሌላውን አንገት ይይዛል፤ የተያዘው ካመመው ይጮኻል፣ ወይ መልሶ ይነክሳል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል። እናትየዋም ጡቷ ላይ ጥርስ ሲበዛባት ተነሥታ ትሄዳለች። ነካሹ በየቀኑ ደጋግሞ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ጥርስ ሲጠነክር ጨዋታ ያልቃል። ግልገል ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ቢቻል አሥራ ሁለት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ይቆይ የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዳንቴል ግን በአንድ ወሯ ካርቶን ውስጥ ገባች። ትምህርት ቤት በተከፈተ በሳምንቱ ያቋረጠች ተማሪ በያት።

የጥበቃው ካርቶን ግን የሰጣትም ነገር አለ። ድመት ሰውን የምትለምድበት ዋናው ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ነው፤ የዚያን ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፈችው በእናንተ እጅ ውስጥ ነው። ጭንሽ ላይ ዓይኗን ጨፍና የምትተኛው ለዚህ ነው። ፍቅሯም ንክሻዋም ከአንድ ካርቶን ወጡ።

ታዲያ ያቋረጠችውን ትምህርት ማን ቀጠለላት? እዚህ ላይ ያልጻፍሽልኝን ልገምት። ጭብጥ የማትሞላ ሳለች ጣትሽን ከብርድ ልብሱ ሥር እያንቀሳቀስሽ ታጫውቻት ነበር። እሷም ዘልላ ትይዘዋለች፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ያኔ ጥርሷ ያስቃል እንጂ አያምም። እጅሽ አይጥ መሆኑን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ ልጄ፤ እኔም የራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ድመቷ ትምህርቱን አልረሳችም። እኛ ነን ሐሳባችንን የቀየርነው።

የምታደርገውን በሌላ ዓይን ተመልከቺው። በፊት እግር ማቀፍ፣ በጥርስ መያዝ፣ በኋላ እግር መርገጥ፤ ይህ ከእጇ ሊያመልጥ የሚታገልን ግዳይ የምትጨርስበት አኳኋን ነው። ድመት ማድፈጥ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ መያዝ፣ መብላት፣ ከዚያ ራሷን ልሳ መተኛት የሚል ቅደም ተከተል ይዛ ትወለዳለች። ዓይኗ ሩቁን እንቅስቃሴ ይለቅማል እንጂ ከአንድ ስንዝር የቀረበውን በደንብ አያይም። ስለዚህ የያዘችውን ነገር በጢሟና በአፏ ነው የምትመረምረው። በዚህ ላይ ዕድሜዋን ጨምሪበት። ሃያ ስድስቱ የወተት ጥርሶቿ አሁን መነቃነቅ ጀምረዋል፤ ስድስት ወር ገደማ እስኪሆናት በሠላሳ ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድድ ሲበላ ማኘክ ያምራል። ምንጣፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥርስ ካገኘሽ አትደንግጪ፤ አብዛኛውን እየዋጠችው ነው፣ አይጎዳትም።

ቁርጭምጭሚትሽስ? ድመት ይበልጥ የምትነቃው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነው። አንቺ የምትወጪው በዚያው ሰዓት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ የተዘጋች ግልገል በቤቱ ውስጥ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ብትፈልግ የምታገኘው ያንቺን እግር ነው። የነጠላ ዘርፍ ከተከተለው ደግሞ፣ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ከሶፋው ሥር ባልቀረሁ።

እንግዲህ እናትሽ የጠቀሱትን ተረት አልቃወምም። ድመት አመሏን አትረሳም። እኔም አስረሺያት አልልሽም፤ አመሉን ከእጅሽ ላይ አንሥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪላት ነው የምልሽ።

ከበርበሬው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው፤ እንዳታደርጊው። አፏን በመዳፏ ስትጠርግ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የምታክሚው የቆሰለ ዓይን ይሆናል። አፍንጫ መምታቱም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ወደ ፊቷ በፍጥነት የሚመጣ ጣት ለተጫዋች ድመት ጨዋታ ነው፣ ለፈሪ ድመት ጥቃት ነው፤ በሁለቱም መንገድ መልሱ ጥርስ ነው። «ባሰባት» ያልሽው ለዚህ ነው። ውኃ መርጨትም፣ መጮኽም፣ ማጅራቷን ይዞ ማንጠልጠልም በዚሁ ይታይልኝ። ከቅጣቱ የምትማረው «አትንከሺ» የሚለውን ሳይሆን «ይህቺ ልጅ አታስተማምንም» የሚለውን ነው።

ስትነክስሽ አስቸጋሪው ነገር እጅን ወዲያው አለመንጠቅ ነው። የሚሸሽ ነገር ይያዛል፤ ስትነጥቂ ጥርሷ ይጠብቃል፣ ቆዳሽም የሚቀደደው ያን ጊዜ ነው። እጅሽን አድርቂው፣ በድን ይሁን። ካልለቀቀች ቀስ ብለሽ ወደ አፏ ጠጋ አድርጊው፤ ግዳይ ወደ አፍ አይገፋምና ግራ ተጋብታ ትለቃለች። ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገሪ፣ ሳታያትም ተነሺና ሌላ ክፍል ገብተሽ በሩን ዝጊ። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ቢሆን ለምን እንደተተወች አታስታውሰውም። ስትመለሺ የምታጫውቻትን ነገር ይዘሽ ተመለሺ፣ እጅሽን ግን ባዶውን አትዘርጊላት። ወንድሞቿ ሊያስተምሯት ጀምረው የነበረውን ትምህርት ነው እየቀጠልሽላት ያለሽው፦ ጥርስ ከመጣ ጨዋታ አለቀ።

ይህ ግን ግማሹ ነው። መንከስ ክልክል የሆነባት፣ የምትነክሰው ነገር ደግሞ የሌላት ድመት የባሰ ትሆናለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መከልከሉን አጥብቆ ይዞ መስጠቱን ይረሳል።

ገንዘብ አታውጪ። አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ላይ ክር እሰሪ፤ ጫፉ ላይ ከበዓል ዶሮ የቀረ ላባ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ይሁን። የወንድምሽን አሮጌ ካልሲ ረዘም እንዳለ በጨርቅ ሞልተሽ ስፊው፤ አቅፋ የምትረግጠው እሱ ይሁን፣ ጥርሷም እሱ ላይ ይረፍ። የተጨማደደ ወረቀት ኳስ ነው። ካርቶን ሁለት ቦታ ከተበሳ ምሽግ ይሆናታል። ዋናው አጨዋወቱ ነው፤ ብዙ ሰው ላባውን ድመቷ ፊት ላይ ያወዛውዛል። አይጥ ወደ ድመት ፊት አይመጣም! ከእሷ አርቂው፣ ከወንበሩ እግር ጀርባ ደብቂው፣ ቀጥ አድርጊው፣ ከዚያ ሽው። መጨረሻ ላይ እንድትይዘው ተዪላት፤ ሁልጊዜ የሚያመልጣት ጨዋታ ያበሳጫታል። ልክ እንደያዘች ምግቧን አቅርቢ። ታደነ፣ ተበላ፣ ቀጥሎ ራስን መላስና መተኛት ነው።

ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አሥር ደቂቃ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አሥር ደቂቃ ስጪያት። ጠዋት አልነሣም ካልሽ ቢያንስ የወረቀት ኳሷን ኪስሽ ውስጥ ያዢና ወደ ሶፋው ስትደርሺ ከፊትሽ ወርውሪው። የደፈጠችው ለእግርሽ ነበር፤ ኳሱ ይቀድማል፣ አንቺም በሩ ላይ ትደርሻለሽ።

ክሩን ግን ከጨዋታ በኋላ ሳጥን ውስጥ ቆልፊው። ይህን እንደ ቀላል እንዳታይብኝ። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ በተቀለበሱ እሾሆች የተሞላ ስለሆነ ክር አንዴ ከገባ መትፋት ያስቸግራታል፤ የተዋጠ ክር አንጀት ሰብስቦ ሊገድል ይችላል። የልብስ ስፌት ክር፣ የጥጥ ፈትል፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ሁሉም ያው ነው። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካየሽ አትጎትቺ፤ ይዘሻት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂ።

ስትዳብሻት የምትነክስሽ ንክሻ ሌላ ነው፤ ከጨዋታው ጋር አትቀላቅይው። እሱ «በቃኝ» ነው። በድንገት ነው ብለሻል፤ በድንገት አይደለም፣ ምልክቱን ሳታይው ቀርተሽ ነው። የጭራዋ ጫፍ መወራጨት ይጀምራል፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ይዞራል፣ የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፣ ኩር ኩሩ ይቆማል። ከእነዚህ አንዱን ስታዪ እጅሽን አንሺ። አገጯና ጉንጯ ላይ ሦስት ጊዜ ዳብሰሽ አቁሚና ተመልከቻት፤ ጭንቅላቷን መልሳ ካስጠጋች ቀጥዪ፣ ካላስጠጋች ተያት። ሆዷን ስትገልጥልሽ ደግሞ አመንኩሽ ማለቷ ነው፣ «ንኪኝ» ማለቷ አይደለም። በዚህ ወጥመድ ያልተያዘ የድመት ወዳጅ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንሂድ፤ ወደ ወንድምሽ። አንቺ ሳምንቱን ሙሉ እጅሽን ከጨዋታ አውጥተሽ፣ እሱ ቅዳሜ ከሰዓት ጣቱን ከብርድ ልብስ ሥር ካንቀሳቀሰላት ልፋትሽ ውኃ በላው። እንዲያውም ሁልጊዜ ከሚፈቀድ ነገር ይልቅ አንዳንዴ የሚፈቀድ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ ሎተሪ ቆራጭን ጠይቂ። ልጁን አትቆጪው፣ ሹመት ስጪው። የላባው እንጨት ኃላፊ እሱ ይሁን፣ እጁ ላይ ጭረት የሌለበት ሳምንት ሲያልፍ አንድ ነገር ግዢለት። እናትሽም በነጠላቸው ጫፍ የሚያጫውቷት ከሆነ በትሕትና ንገሪያቸው። ቤቱ ሁሉ አንድ ሕግ ሊኖረው ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል። ይሠራ የነበረ ነገር እንቢ ሲላት አጠንክራ ትሞክረዋለች፤ ይህ የሚያልፍ ነው፣ ያን ጊዜ እጅ ከሰጠሽ ግን ማጠንከር እንደሚያዋጣ ትማራለች። በቀን ሳይሆን በሳምንታት ቁጠሪው። ስታድግ ይብስባታል ወይ ላልሽኝ፣ አመሉ ካልተመገበ ይቀንሳል፤ የአራት ወር ጉልበትና የሁለት ዓመት ጉልበት አንድ አይደለም። ነገር ግን አንድ የሰውነቷን ክፍል ስትነኪ ብቻ የምትነክስ፣ ወይም ምግብ ትታ የምትነክስ ከሆነ ያ ጠባይ ሳይሆን ሕመም ነውና ሐኪም ይያት።

ሁለተኛ ግልገል ብታመጡላት የሚጎድላትን ከእኔ ምክር ይልቅ እሱ ያስተምራታል። እናትሽ ይህን ሲሰሙ የሚሉትን ስለምገምት ግን አልገፋበትም። ይልቅ ሌላ ጉዳይ ቀርቦብሻል። ሴት ድመት ከአራትና ከአምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። የድመት የወንድ ፍላጎት በቀን ብርሃን ርዝመት የሚመራ ነው፤ በአውሮፓ ክረምት ጋብ ይላል፣ እኛ ዘንድ ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይበላለጥ እረፍት የለውም። ስለ ማምከኑ ሐኪሙን አሁኑኑ አነጋግሪ።

የእናትሽ ፍርሃት መሠረት አለው፤ ንቀሽ እንዳታልፊው። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ታስተላልፋለችም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰው ላይ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ በክትባት ግን ይገታል። ዳንቴል ሦስት ወር አልፏታልና የመከላከያ ክትባቱን ልትወስድ ትችላለች፤ በዚህ ሳምንት ውሰጃት። ከማንኛውም የማታውቂው እንስሳ ንክሻ በኋላ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቢ፣ ሰዓት ይዘሽ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ አይወራለትም። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ከላይ ቶሎ ይዘጋል፣ ከሥር ይመግላል። በአፏ ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ፓስቱሬላ ይባላል፤ እኛ የከብት ሰዎች ጎሮርሳ በሚባለው የከብት በሽታ ምክንያት እናውቀዋለን። ስሙ የመጣው ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰን ልጅ በክትባት ያተረፈው እሱው ነው። ሁለቱም የንክሻ መዘዞች በአንድ ሰው ስም ሲገናኙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሆነው ሆኖ ቆዳሽን አንድ ቀን ከበሳችውና ቦታው በማግስቱ ከቀላ፣ ካበጠ፣ በተለይ የጣት አንጓ ላይ ከሆነ፣ «የድመት ጭረት ነው» ብለሽ አትተኚበት። ዳንቴል ላደረሰችብሽ ላይ ላዩን ለሆነ ጭረት ግን ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ እናትሽን በዚህ አረጋጊያቸው።

የቀረው ዳንቴሉ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ጉዳይ ድመቷን የሚገሥጽ ሕክምና የለኝም። ጠርዙ ተንጠልጥሎ በነፋስ የሚወዛወዝ ጌጥ ለግልገል ድመት ግብዣ ነው፤ በዚያ ላይ ከጥርሷ የሚተረተረው ክር ነው፣ ስለ ክር ደግሞ ከላይ ተናግሬያለሁ። እናትሽ ስንት ማታ ዓይናቸውን አፍዝዘው የሠሩት ይሆናል። አጥበሽ አጣጥፊውና ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ፣ ዓመት ተኩል እስኪሞላት ድረስ። ያን ጊዜ መጀመሪያ ትንሹን፣ ለራዲዮኑ የተሠራውን አውጪና ሞክሪያት፤ የቴሌቪዥኑን አትቸኩዪበት።